ሽቦው ላይ የቀረው ቁራጭ

ባለፈው ወር የልጄ ባል ብሩክ ከጅማ መንገድ ሥራው ሲመለስ ጊቤ መንገድ ላይ ያገኛትን ኤሊ በካርቶን ይዞ መጣ። እኔ የምኖረው ቡራዩ፣ እነሱ ዘንድ ነው። ካርቶኑን ግቢው መካከል አስቀመጠና ልጁን ማህሌትን ጠራት። ኤሊዋ ራሷንና እግሮቿን ሰብስባ ድንጋይ መስላ ተቀምጣለች። ማህሌት በደስታ ጮኸች፣ ፎቶ አነሳቻት፣ በካሮት ልታባብላት ሞከረች። ብሩክ ወደ ቤት ገብቶ ድሪሉን ይዞ ወጣና ሶኬት ይፈልግ ጀመር።

«ምን ልትሠራ ነው?» አልኩት።

«ከቅርፊቷ የኋላ ዳር ላይ ትንሽ ቀዳዳ አበጅቼ በገመድ ላስራት ነው። አለበለዚያ በበሩ ሥር ሾልካ ትጠፋለች።»

«ያማታል።»

«አይ እማማ፣ ምን ያማታል! ቅርፊት እኮ ነው። እንደ ጥፍር ይቁጠሩት። አይሰማትም።»

ብሩክ ደግ ልጅ ነው። ይህንኑ ቃል፣ ጥፍሩም ሳይቀር፣ ልጅ እያለሁ ሰበታ ውስጥ ከአባቴ አፍ ሰምቼው ነበር። አባቴም ደግ ሰው ነበር።

ያኔ ሰበታ ትንሽ ከተማ ነበረች። ቤታችን ከጅማው አስፋልት ብዙ አይርቅም፤ ከጀርባው ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት ሰፊ መስክ ነበር። ጠዋት ስንነሳ እርጥብ ሣርና ናፍጣ አንድ ላይ ይሸቱናል። የናፍጣ ሽታ ሌላውን ሰው ያስነጥሰዋል፤ ለእኔ ግን የአባቴ ሽታ ነው። አባቴ፣ ሰፈሩ ኦቦ ቶሎሳ የሚለው፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከጅማ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል። ሲመለስ ከዳገቱ ላይ ጡሩምባውን ነፋ ያደርጋል፤ እኛም ጨዋታችንን ጥለን መንገድ ዳር እንቆማለን። ባዶ እጁን አይመጣም። አንዳንዴ ሙዝ፣ አንዳንዴ ብርቱካን፣ አንዳንዴ ከነቅጠሉ ሸንኮራ አገዳ ይዞልን ይመጣል።

አንድ ቀን የመኪናውን በር ከፍቶ ከእግሩ ሥር ጆንያ ገለጠ። ኤሊ ነበረች።

«ጊቤ በረሃ መንገድ ስታቋርጥ አገኘኋት። ለጎማዬ ክንድ ያህል ሲቀራት ነው የቆምኩት» አለን።

በዚያ ቁልቁለት ቡና የጫነ መኪና ድንገት ማቆም ምን ማለት እንደሆነ የሾፌር ቤተሰብ ያውቃል። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ለኤሊ ብለህ ገደል ልትገባ!» ብላ ተቆጣችው። አባቴ እንደ ልማዱ ሳቅ አለ። እኔ ግን የዚያን ዕለት ከሌላው ቀን ሁሉ አብልጬ እንደወደድኩት አስታውሳለሁ።

ኤሊ ከዚያ በፊት በመጽሐፍ ሥዕል ካልሆነ አይቼ አላውቅም ነበር። ይቺኛዋ ትልቅ ናት፤ በሁለት እጄ ላነሳት ስሞክር ወገቤን ሳበኝ። ጀርባዋ ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር ነው፣ የነብር ቆዳ የለበሰች ይመስላል። የኋላ እግሮቿ እንደ ዝሆን እግር ቀጥ ያሉ፣ የፊቶቹ ደግሞ ሻካራ ቅርፊት የተደራረበባቸው ናቸው። ጥርስ የላትም፤ አፏ እንደ ዶሮ መንቁር ነው፣ የጎመን ቅጠል ስንሰጣት ቀጭ እያደረገች ትቆርጠዋለች። ስትደነግጥና ራሷን ስትሰበስብ «እስስ» የሚል ድምፅ ታወጣለች። መጀመሪያ ቀን እባብ መስሎን ሁላችንም ተበታተንን። ድምፁ የቁጣ አለመሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ራሷና እግሯ ወደ ውስጥ ሲገቡ ቦታ ስለሚጠብ፣ በሳንባዋ ያለው አየር መውጣት አለበት። ቤቷ የሚበቃው ለእሷ ብቻ ነው፤ ለእስትንፋሷ እንኳ አይተርፍም።

ቆጫ አልናት። በኦሮምኛ ኤሊ ማለት ነው፤ ስሟም ያው ሆኖ ቀረ። ያወጣችላት ጫልቱ ናት።

ጫልቱ የአባቴ እህት ልጅ ናት። እናትና አባቷ ወሊሶ አጠገብ ያርሳሉ። በሕፃንነቷ ኩፍኝ ወጥቶባት ዓይኗ ጠፋ። ሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ስለነበረ አባቴ ሄዶ አመጣትና አስገባት። አዳሯ እዚያው ነው። ቅዳሜ ጠዋት እኔ ሄጄ አመጣታለሁ፣ እሑድ ከሰዓት እመልሳታለሁ። ከእኔ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ ምላሷም ከእኔ የሰላ ነው። እጇን ይዤ ስወስዳት እኔ የመራኋት መስሎኝ ኮራ እላለሁ፤ እሷ ግን በየመንገዱ፣ «አሁን ጋሽ ከድር ሱቅ ደረስን፣ ላምባ ሸተተኝ። አሁን ደግሞ ድልድዩ ጋ ነን፤ ቀስ በይ፣ አንቺ ዓይን እያለሽ እዚህ ጋ ሁሌ ትሰናከያለሽ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ እሰናከል ነበር።

መጀመሪያ ቀን ኤሊዋን ያስተዋወቅኋት እኔ ነኝ። መሬት ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘረጋች፤ ኤሊዋንም ጭኗ ላይ አስቀመጥንላት። ጫልቱ አልደነገጠችም። ጣቶቿን ጀርባዋ ላይ ቀስ እያደረገች አስኬደቻቸው። የኤሊ ጀርባ ገበታ ገበታ የሆነ ነው። በእያንዳንዱ ገበታ ላይ ከመሃል ወደ ዳር የሚሰፋ፣ አንዱ ሌላውን የከበበ መስመር አለ፤ ስታድግ የሚጨመርላት ነው። ጫልቱ መስመሮቹን ደጋግማ ዳሰሰችና፣

«ተጽፎባታል» አለች።

እኛ ልጆች ሳቅን። በትምህርት ቤቷ በጣት የሚነበብ መጽሐፍ እንዳለ ሰምተናል። «ታዲያ ምን ይላል?» አልናት።

ፊቷን ቀና አድርጋ አስተማሪ መሰለች። «‹ስሜ ቆጫ ነው። ትናንት በመኪና ሄድኩ። ሾፌሩ ሲዘፍን ጆሮ ያደማል› ይላል።»

አባቴ ሁልጊዜ መሪ ይዞ ስለሚያንጎራጉር እናቴ እንኳ ከጓዳ ሆና ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሲመጣ ጨዋታችን ይህ ሆነ። የሰፈር ልጆች ዙሪያዋን እንቀመጣለን፣ «ዛሬስ ምን ይላል?» እንላታለን፣ እሷም ታነባለች። ጎመን ሰለቸኝ ይላል። ያ አፍንጫው የሚፈሰው ልጅ ትናንት ጀርባዬ ላይ ተቀመጠ፣ ይጠረግልኝ ይላል። የሳምንቱን የሰፈራችንን ጉድ ሁሉ እየለቀመች ኤሊዋ ላይ ታነበዋለች። ከማን እንደምትሰማው አላውቅም።

ስለ ኤሊ ያወቅነውን ብዙውን ነገር ያወቅነው በጫልቱ ነው። ጆሮ የላትም ብለን እኛ አጠገቧ ቆመን እንጮኽ ነበር፤ አትነቃነቅም። ጫልቱ ተረከዟን መሬት ላይ መታ ስታደርግ ግን ኤሊዋ ራሷን ትሰበስባለች። «አያችሁ? በእግሯ ነው የምትሰማው። ሰው ሲመጣ በመሬቱ ታውቀዋለች፤ እንደ እኔ» አለችን። ገላዋ የራሱ ሙቀት እንደሌለው፣ ፀሐይ ካላሞቃት መንቀሳቀስም መብላትም እንደማትችል ያስተዋለችውም እሷ ናት። ጠዋት ቆጫ የወጥ ቤቱን ግድግዳ ተጠግታ ትሞቃለች፣ ፀሐዩ ሲከር ጌሾው ሥር ትገባለች፣ ወደ ማታ ደግሞ ድንጋይ ደረጃው ላይ ትወጣለች፤ ድንጋዩ ሙቀት ይዞ ይቆያልና። ጫልቱ ግቢ ስትገባ ማንንም አትጠይቅም። ፊቷን ቀና አድርጋ ፀሐዩ የቱ ጋ እንደሚሞቅ ትለየውና በቀጥታ ወደዚያ ትሄዳለች። «አካም ቡልቴ፣ ቆጫ?» ትላታለች፣ እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው። ኤሊዋ እዚያው ትገኛለች።

ቆጫ አንድ አመል ነበራት። ሰውነቷ ሲሞቅ ተነሥታ ወደ ግቢያችን አንድ ጥግ ትሄዳለች፤ ሁልጊዜ ወደዚያው ጥግ። አጥሩን በራሷ ትገፋለች፣ ትቧጥጣለች። አዙረን ወደ ሌላ በኩል ብናስቀምጣት ቀስ ብላ ትዞርና እዚያው ትመለሳለች። አንድ ቅዳሜ ጫልቱ፣ ቆጫ ስትቧጥጥ ሰማቻትና፣ «ይሄ ጥግ ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ወደ ወሊሶ።»

ጆሮዋን ወደ አጥሩ አዘነበለች። «ጊቤም በዚያው በኩል ነዋ» አለች።

የዚያን ዕለት ኤሊዋ ላይ ምንም አላነበበችም። ማታ አባቴ እራት በልቶ ሲያበቃ አጠገቡ ተቀመጠችና፣ «አቡያ፣ አገሯ መልሳት» አለችው። አቡያ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ነው፤ አባቴን የምትጠራው እንደዚያ ነበር። አባቴ ራሷን እየደባበሰ፣ «እሺ ልጄ፣ በሚቀጥለው ጭነት» አላት። ከልቡ ነበር ያላት። የሚቀጥለው ጭነት ሲመጣ ግን ከንጋት በፊት ተነሣና ረሳት። ከዚያ ደግሞ ወደ ነቀምቴ ጫነ። ከዚያ መኪናው ታመመ። ጫልቱ በየቅዳሜው ትጠይቀዋለች፤ እሱም በየቅዳሜው እሺ ይላታል።

በዚህ መሃል ቆጫ አጥሩን አሸነፈች። መጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው ጋሽ ከድር ጓሮ ውስጥ ነው። ጋሽ ከድር ከፊት ለፊታችን ያለው ባለ ሱቅ ነበር፤ ከስልጤ አገር የመጣ፣ ሲቀልድ የማይስቅ ሰው። ብብቱ ሥር ይዟት መጣና ከበሩ ላይ ተጣራ።

«ኦቦ ቶሎሳ! ሌባህን ያዝኩልህ። ዕድሜ ልኬን ሌባ ሳባርር እንደዚህች ያለ ዘገምተኛ አላጋጠመኝም። ጎመኔን በልታ ጨርሳ፣ ቁጭ ብላ ፀሐይ ስትሞቅ ነው ያገኘኋት!»

ሁላችንም ሳቅን። በሁለተኛው ግን የሳቀ የለም። ቆጫ አስፋልቱ መካከል ደርሳ ነበር። አንድ አውቶቡስ ጎማው እስኪጮህ ፍሬን ያዘ፤ ሰው ተሰበሰበ፣ ሾፌሩ በመስኮት እየተሳደበ አለፈ። አባቴ የዚያን ዕለት ቤት ነበር። ሮጦ ወጥቶ አነሳት። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ከጎማ ሥር ያወጣት ሰው ነውና፣ ተመልሳ ጎማ ሥር ልትገባበት ነበር። «አሁንስ ትታሰራለች» አለ።

ኤሊ እንዴት ይታሰራል? እግሯ ላይ ቢያስሩት ትሰበስበዋለች፣ ገመዱ ይወልቃል። ጋሽ ከድር፣ «ዳሯን ነው የሚበሱት፣ ሲበሱ አይቻለሁ» አለ። አባቴም ያውቀው ነበር፤ በመንገድ ላይ ሰው እንደዚያ እያሰረ ሲሸጥ አይቷል። ሁሉም የሚያደርገው ነገር ነው፤ ክፉ ነው ያለም ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ነበር። አባቴ ከሰል አቀጣጠለና ረጅም ሚስማር ከተተበት። ቆጫ ሌላ ሰው ሲይዛት ስለምትወራጭ፣ ጫልቱ እንድትይዝለት አደረገ። ጫልቱ ምን እንደሚደረግ በደንብ አልገባትም፤ ልትታሰር ነው ሲሏት በገመድ መስሏታል። አባቴ የጋለውን ሚስማር በጉጠት ይዞ ከጅራቷ በላይ ባለው ዳር ላይ ተጫነው። «እስስ» የሚለው ድምፅ ወጣ፤ ከዚያ የተቃጠለ ቀንድ ሸተተን። ያ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ጫልቱ ጮኸች። «አቡያ ተው! ያማታል!»

«አይሰማትም ልጄ። ጥፍር እኮ ነው። አንቺ ጥፍርሽን ስትቆረጪ ያምሻል እንዴ?»

«ተንቀጠቀጠች! እጄ ላይ ተንቀጠቀጠች!»

«ስለፈራች ነው። አይዞሽ፣ ያዣት፣ አለቀ።»

ጋሽ ከድር አጥሩ ላይ ተደግፎ ያይ ነበር። «ጫልቱ፣ አይተሽ ነው?» አላት። ክፋት አልነበረውም፤ ቀልዱ ነው። ከልጆቹ ጥቂቶቹ ሳቁ። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። «ልጅቷ እኮ በእጇ ይዛታለች» አለች። ይህን ብቻ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እናቴ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ የምትናገር ሰው አልነበረችም፤ አንድ ጊዜ ሲባል ካልተሰማ ይተዋል። በቤታችን ያለው ሕግ «ሆድ ይፍጀው» የሚል ነበር።

እኔ ሁሉንም አይቻለሁ፤ ዓይን አለኝ። ያየሁት ግን ምንም ነው። ኤሊዋ አልጮኸችም። ደም አልወጣትም፤ የጋለ ብረት ደም እንደማያስወጣ ያኔ አላውቅም። ራሷ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ፊቷን ያየ የለም። እኛ ዓይናሞቹ ሁሉ አንድ ልብ ሆነን አይሰማትም አልን። ይሰማታል ያለችው እጇን ያስቀመጠችው ብቻ ናት።

ሲያበቃ ጫልቱ እጇን ለረጅም ጊዜ ታጠበች። ላስቃት ብዬ፣ «ዛሬስ ምን ይላል?» አልኳት።

«ዛሬ አይነበብም» አለችኝ።

ቆጫ በሽቦ ከእንጨት ግንድ ጋር ታሰረች። ግንዱ ያለበት ቦታ ፀሐይ ዘግይታ የምትደርስበት፣ ቶሎም የምትለቀው ነው። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ጋ አይደርስላትም፣ ደረጃው ድንጋይም ላይ መውጣት አትችልም። ኅዳር ወጥቶ የታኅሣሥ ውርጭ ሲገባ መስኩ ጠዋት ጠዋት ነጭ ይሆናል። የበረሃ ልጅ ናት፤ ያ ብርድ የእሷ አይደለም። መብላት ተወች። ዓይኗን ከድና ትውላለች። እኩለ ቀን ላይ ትንሽ ሲሞቃት ግን ትነሣና ወደዚያ ጥግ ትሄዳለች፤ ሽቦው ይወጠራል፤ እግሮቿ መሬቱን እየቧጠጡ እዚያው በዚያው ትራመዳለች። መሬቱ ላይ ጎድጓዳ አበጀች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ግንዱ ጋ ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። ሽቦው መሬት ላይ ተጋድሟል። ኤሊዋ የለችም። ከሽቦው ጫፍ ላይ የቅርፊቷ ዳር፣ ከነቀዳዳው፣ ተገንጥሎ ቀርቷል፤ የእጅ መዳፍ የሚሸፍነው ቁራጭ ነው። አባቴ አነሳውና ገለበጠው። በላይ በኩል ቢጫና ጥቁር ነው። የተሰበረው ጎኑ ግን ነጭ አጥንት ነው፣ በአጥንቱም ላይ ደም አለ። ገና አልደረቀም።

«ደም አለው» አለ አባቴ። ለእኔ አልነበረም የሚናገረው።

ፈለግናት። መስኩን ዳር እስከ ዳር፣ አስፋልቱን፣ የቦዩን ውስጥ፣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ፈለገ። ጋሽ ከድር ሱቁን ዘግቶ ጎመኑን በእጁ እየገለጠ ሲያይ ዋለ። የዚያን ቀን አልቀለደም። አላገኘናትም። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ቁስል፣ ጊቤ ይቅርና ወሊሶም እንደማትደርስ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ቅዳሜ ጫልቱን ሳመጣት በመንገድ ላይ ምንም አልነገርኳትም። ግቢ ገብታ ፊቷን ወደ ፀሐዩ ቀና አደረገች። አባቴ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ወደ እሷ መጣ። እጇን ይዞ ዘረጋውና ያንን ቁራጭ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

ጫልቱ ዳሰሰችው። ለስላሳውን ጎን፣ ቀዳዳውን፣ ከዚያ የተገነጠለውን ሻካራ ጎን። ጣቷ እዚያ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ነግሬህ ነበር» ትለዋለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። ቁራጩን መልሳ ዘረጋችለት። እሱም ተቀበላት። ጉሮሮውን ጠረገ። አሁን አንድ ነገር ይላታል አልኩ በልቤ።

«መኪናው ዘይት አንሶታል» አለና ወጣ።

ጫልቱ ለዓመታት ቅዳሜና እሑድ ወደዚያው ግቢ መምጣቷን አልተወችም፤ ትምህርቷን ጨረሰች፣ ወሊሶ አስተማሪ ሆነች። ከአባቴ ጋር አልተኳረፉም። ይሳሳቁ ነበር፣ በዓል ሲሆን የመጀመሪያው ቁራሽ ከእጁ ወደ አፏ ነው። ስለ ቆጫ ግን ከሁለቱ አንዳቸውም አንስተው አያውቁም። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ የባዮሎጂ አስተማሪያችን የኤሊ አጥንት ሥዕል ሰሌዳው ላይ ሰቀለልን። የጀርባ አጥንቷና የጎን አጥንቶቿ ከቅርፊቱ ጋር አንድ ሆነው ተጣብቀዋል። ኤሊ ከቤቷ ወጥታ አትሄድም፣ ቤቷ ራሷ ናት፤ ቅርፊቱ ሕያው አጥንት ነው፣ ሲነኩትም ይሰማታል አለን። ማታ ለአባቴ ልነግረው ጀመርኩ። ሳልጨርስ፣ «አውቃለሁ» አለኝ። 

አንድ ክረምት ወደ ጅማ ይዞኝ ሄደ። ጊቤ ስንደርስ እንደ ወትሮው ያንጎራጉር የነበረው ዝም አለ። ማርሽ ቀነሰና የመንገዱን ግራና ቀኝ እያየ፣ መኪናው የሰው እርምጃ እስኪሆን ድረስ ቀስ ብሎ ነዳ። ከኋላችን ያሉት ጡሩምባ ይነፉብን ነበር። ምን እየፈለገ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ዳገቱን ከወጣን በኋላ ማንጎራጎሩን ቀጠለ።

አባቴ ሲሞት ከሁላችንም በላይ ያለቀሰችው ጫልቱ ናት። እሱ ይቅርታ ለመጠየቅ፣ እሷም ይቅር ለማለት ሲጠባበቁ የኖሩ ይመስለኛል። አንዲት ቃል ነበረች የቀረችው። ቤታችን ውስጥ ግን ያቺን ቃል የሚያውቃት አልነበረም።

ጫልቱ ያመማትን የማትናገር ሰው ሆና ኖረች። ያ ቅዳሜ ነው እንደዚያ ያደረጋት አልልም፤ ሰው በአንድ ቀን አይሠራም። ጥርሷን ሲያማት ፊቷ አብጦ ካልታየ አናውቅም። ልጅ ወልዳ ስትቀብርም ቀና ብላ ነው የቀበረችው፤ ሰው «ጠንካራ ናት፣ አይሰማትም» ይል ነበር። ካቻምና ታመመች ብለው ሲጠሩኝ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ሳይናገሩ ቆዩ ብሎ ተገርሟል። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ፈገግ አለች። «ብነግርሽስ?» አለችኝ።

በቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እጇን ያዝኩ። ብዙም አልቆየችም።

ወደ ቡራዩ ልመለስ። ብሩክ ድሪሉን ሶኬት ላይ ሰክቶ ነበር። እኔ ሁለተኛ «ያማታል» አላልኩም፤ የእናቴ ልጅ ነኝ። ኤሊዋን አነሳሁና ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ማህሌት አንዴ እኔን አንዴ አባቷን አየችና ስልኳን አወጣች፤ የሆነ ነገር ጻፈች። ወዲያው፣ «አባ፣ አያቴ እውነቷን ነው! ቅርፊቱ ነርቭ አለው ይላል፣ ሲነኩት ይሰማታል ይላል!» ብላ አነበበችለት። ብሩክ ስልኩን ተቀብሎ ራሱ አነበበና ድሪሉን ነቀለው። «ይቅርታ እማማ፣ አላወቅሁም» አለኝ።

ነገሩ ከዚህ በላይ ጊዜ አልወሰደም። የዛሬ ልጆች ዕድለኞች ናቸው፤ ያላወቁትን ወዲያው ያውቃሉ፣ ካወቁም በኋላ ይቅርታ ለማለት አይቸገሩም። እኛ ግቢ ውስጥ ያኔ ስልክ አልነበረም። እጇን ያስቀመጠች አንዲት ልጅ ግን ነበረች።

ብሩክ በሚቀጥለው ሳምንት መንገድ ሲወጣ ኤሊዋን እንደሚመልሳት ነገረኝ። ነገ ይሁን፣ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ገረመው፤ ነገር ግን አልተከራከረኝም። ሰበታን ስናልፍ መስኩ የነበረበት ቦታ የፋብሪካ አጥር ሆኗል። ጋሽ ከድር ሱቅ የነበረበት ላይ ፎቅ ቆሟል። የግቢያችንን ጥግ በዓይኔ ፈልጌ አላገኘሁትም። ጊቤ ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ፤ ኤሊዋ ካርቶኑ ውስጥ መንቀሳቀስ ጀመረች። ከመንገዱ ራቅ አድርገን ሣር ላይ አስቀመጥናት። ራሷን አወጣች፣ ትንሽ ቆየች፣ ሄደች። ወደ ኋላ አላየችም።

አንድ ነገር ለብሩክ አልነገርኩትም። ኤሊ ከሰው ዕድሜ በላይ ትኖራለች ይባላል። ያን ዕለት ጭኔ ላይ ሳስቀምጣት፣ ማህሌት ስልኳን ስትነካካ፣ እጄ ሳላዘው ወደ ኋላ ዳሯ ሄደ። እንደ ጫልቱ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከጅራቷ በላይ ያለውን ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰስኩት። የጎደለ የለም፤ ዙሪያው ሙሉ ነው።

ጤነኛ ኤሊ ናት፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም።